ከለር ወይስ ጥቁርና ነጭ? ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፕሪንት ስናደርግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጀሞ፣ የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ተማሪ ቤቱ ፕሪንተር የለውም። ፍላሹን ይዞ ፕሪንት ወደሚያደርግ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል። "ከለር ነው ጥቁርና ነጭ?" ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከኋላው ሰልፍ አለና አፉ ላይ የመጣውን ይመልሳል። ከለር ውድ ነው። የተማሪ ብር ደግሞ በከንቱ ሲወጣ ያሳዝናል። ስለዚህ ውሳኔው ቤት ውስጥ፣ ገጽ በገጽ ቢያልቅ ይሻላል።

ሙሉውን ፋይል በአንድ ዓይነት ማሳተም። 40 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ አላችሁ እንበል። ቀለም የሚያስፈልጋቸው ሦስት ገጾች ብቻ ናቸው። ለእነሱ ሲባል 40ውንም በከለር ማሳተም አያስፈልግም። ፕሪንት የሚታዘዝበት መስኮት ላይ የገጽ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ አለ። "12, 19, 33" ብሎ እነዚህን ለብቻ በከለር ማውጣት፣ ቀሪውን በጥቁርና ነጭ ማሳተም፣ ከዚያ በቦታቸው ማስገባት ነው። ወረቀቱ ፊትና ጀርባ የሚታተም ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ገጽ 12 ከገጽ 11 ጋር አንድ ወረቀት ላይ ስለሆነ ሁለቱ አብረው መታዘዝ አለባቸው።

ትንሿን ቀለም መናቅ። ብዙ ፕሪንተሮች ገጹ ላይ ጥቂት ቀለም ካገኙ ሙሉውን እንደ ከለር ገጽ ይቆጥሩታል። አንድ ሰማያዊ ሊንክ ይበቃል። ከሁሉም የሚጎዳው የትምህርት ቤቱ ሎጎ በየገጹ አናት ላይ ሲኖር ነው። ከማሳተማችሁ በፊት ጽሑፉን ጥቁር አድርጉት፣ ወይም ፕሪንት ስታዝዙ "ግሬይስኬል" (በግራጫ ብቻ) የሚለውን ምረጡ።

ጥቁርና ነጭ ሁሌም ያዋጣል ብሎ ማሰብ። ብር ለመቆጠብ ሲሉ ሥራቸውን የሚያበላሹ ብዙ ናቸው፤ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። ቀለም ወደ ግራጫ ሲቀየር የሚቀረው የድምቀቱና የድብዘዛው ልዩነት ብቻ ነው። የሰንደቅ ዓላማችንን አረንጓዴና ቀይ ውሰዱ። ለዓይን እጅግ የተለያዩ ናቸው፤ በግራጫ ሲወጡ ግን ለመለየት ያስቸግራሉ። ቢጫው ብቻ ነጣ ብሎ ይታያል። በአረንጓዴና በቀይ የተሠራ ግራፍም ዕጣው ይኸው ነው። የባዮሎጂው የልብ ሥዕል ላይ ኦክስጅን የበዛበት ደም በቀይ፣ ያነሰበት በሰማያዊ ይሳላል። ሁለቱም ግራጫ ከሆኑ ተማሪው ምኑን ያጠናል? ደጋና ቆላን በቀለም የሚለይ ካርታም እንዲሁ ነው። እንዲህ ላለው ገጽ ለከለር የወጣ ብር አይቆጭም።

ግራፉን የሠራችሁት እናንተ ከሆናችሁ ግን ሌላ መላ አለ። አንዱን ዓምድ በሰረዝ፣ ሌላውን በነጥብ ሙሉት። ስማቸውንም እላያቸው ላይ ጻፉ። ያኔ በጥቁርና ነጭም ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ለማይፈልገው ነገር ከለር ማዘዝ። የሥራ ማመልከቻ፣ መልመጃ፣ ማስታወሻ በጥቁር ቀለም ይበቃቸዋል። ኪውአር ኮድም ቢሆን ዋናው ነገር ጥቁሩ ከነጩ ጎልቶ መለየቱ ነው፤ ከለር አይጨምርለትም።

ፋይሉን በማይክሮሶፍት ወርድ እንዳለ ይዞ መሄድ። ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ የእናንተ የአማርኛ ፎንት ከሌለ ፊደሉ ሊዘበራረቅ ይችላል። መስመሩም ከገጽ ገጽ ስለሚንሸራተት፣ ለከለር የመረጣችሁት ገጽ 12 ገጽ 13 ሆኖ ይጠብቃችኋል። ቤት እያላችሁ ፒዲኤፍ አድርጉት። ቤተ መጻሕፍት ስትደርሱም መጀመሪያ አንድ ገጽ አሳትማችሁ እዩ።

የፕሪንተሩን ዓይነት አለመጠየቅ። በፈሳሽ ቀለም የሚያትመው የኢንክጄት ፕሪንተር ቀለም ብዙ ጊዜ ውኃ ሲነካው ይፈሳል። የሌዘር ፕሪንተር ዱቄት ግን በሙቀት ቀልጦ ስለሚጣበቅ ይቋቋማል። በክረምት ታክሲ እስኪመጣ ለሚጠብቅ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ኢንክጄት ከሆነ ላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ።

ተቀባዩን አለመጠየቅ። ወረቀቱን ለመሥሪያ ቤት የምታስገቡት ከሆነ፣ ከለር ይፈልጉ እንደሆነ አስቀድማችሁ በስልክ አረጋግጡ። ከቱሉ ዲምቱ መገናኛ ድረስ ሄዶ "በከለር አምጣ" ተብሎ የሚመለስ ሰው፣ ከለሩን ትቶ ያተረፈውን ብር ለታክሲ ይከፍለዋል።