አሮጌ አፕል ቱ ላይ ሲፒኤም እንዴት ይነሳል?

አፕል ቱ የሚባለው የድሮ ኮምፒውተር የሚሰራው 6502 በሚባል ፕሮሰሰር ነው። በዚያ ዘመን ግን ዎርድስታርን የመሳሰሉት የቢሮ ፕሮግራሞች የሚሰሩት ሲፒኤም በሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነበር። ሲፒኤም ደግሞ የተጻፈው 8080 ለሚባል ሌላ ፕሮሰሰር ነው፤ ዜድ80 በሚባለው ፕሮሰሰር ላይም ይሰራል፣ 6502 ላይ ግን በጭራሽ። በ1980 ማይክሮሶፍት ሁለቱን ያስታረቀው ዜድ80 በተተከለበት ካርድ ነው። ስሙ ሶፍትካርድ፣ ዋጋው 349 ዶላር ነበር። ሀሳቡ የፖል አለን ሲሆን የመጀመሪያውን ናሙና የሰራው ቲም ፓተርሰን ነው። ኋላ ኤምኤስ-ዶስ የሆነውን ሲስተም የጻፈው ያው ሰውዬ ነው፣ ያውም በዚያው ዓመት።

ካርዱና የሲፒኤም ዲስኩ እጃችሁ ከገቡ፣ አገጣጠሙ እነሆ።

በመጀመሪያ መብራቱ። ማሽኑ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። 110 ከሆነ አዲስ አበባ ሶኬት ላይ በቀጥታ እንዳትሰኩት! 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ለዓመታት ሳይበራ የከረመ ፓወር ሰፕላይም ካፓሲተሩ ድንገት ሊጨስ ስለሚችል አስቀድማችሁ ለቴክኒሻን አሳዩት።

ሁለተኛ፣ ማሽኑን አጥፉና ክዳኑን ከኋላ በኩል ወደ ላይ ሳቡት፤ ብሎን የለውም። ካርዱን ከመንካታችሁ በፊት የፓወር ሰፕላዩን ብረት በእጃችሁ ንኩ። የሰውነት ስታቲክ ቺፕ ይገድላል።

ሦስተኛ፣ ካርዱ ላይ ያሉት አራት ትንንሽ ማብሪያዎች ሁሉም ኦፍ ላይ መሆናቸውን አረጋግጡ። ከዚያ ስሎት 4 ላይ (ስሎት ማለት ማሽኑ ውስጥ ያለው የካርድ መሰኪያ ነው) ሰኩት። የዲስክ ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ ስሎት 6 ላይ ነው፤ ፊቱ ወዴት እንደዞረ አይታችሁ ይሄኛውንም እንደዚያው አዙሩት። አትታገሉት፤ ቀስ እያላችሁ ግራና ቀኙን ተጫኑት።

አራተኛ፣ የሲፒኤሙን ዲስክ አስገቡና አብሩ። ትንሽ ተንኳኩቶ “ኤ” ፊደልና ቀስት ካሳያችሁ ተሳክቷል። DIR (ዲ፣ አይ፣ አር) ብላችሁ ጻፉና ሪተርን ተጫኑ፤ የፋይሎቹ ዝርዝር ይወጣል።

እዚህ ጋ ውስጡ የሚሆነውን ብታውቁት ደስ ይላል። 6502ም ሲፒኤምም የሚሞሪውን መጀመሪያ ለራሳቸው ይፈልጋሉ። 6502 ያለ እሱ መንቀሳቀስ አይችልም፣ ሲፒኤምም ዜሮ ቁጥር አድራሻ ላይ ካልተቀመጥኩ ይላል። ሁለት ሰው ለአንድ ወንበር! ካርዱ የሚገላግላቸው በማታለል ነው፦ ዜድ80 “ዜሮ” ሲል 4096ኛውን አድራሻ ይሰጠዋል። እሱም ዜሮ ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች ደግሞ አብረው አይሰሩም። ዜድ80 ዲስክ ወይም ኪቦርድ ሲፈልግ ስራውን ለ6502 ያስረክብና ይቆማል፤ 6502 ሲጨርስ መልሶ ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ የድሮው ፕሮሰሰር ከስራ አልተባረረም፣ ተላላኪ ሆነ እንጂ።

አምስተኛ፣ ዋናውን ዲስክ ሳታበላሹ ግልባጭ አውጡ። ባዶውን በፎርማት ትዕዛዝ አዘጋጁ፣ በኮፒ ገልብጡ። ዲስክ በቀየራችሁ ቁጥር ኮንትሮልና ሲ መጫን አትርሱ፤ አለበለዚያ ሲፒኤም አዲሱ ላይ አልጽፍም ይላል።

ከሌላ የሲፒኤም ኮምፒውተር የተዋሳችሁት ዲስክ ካልተነበበ ካርዱን አትውቀሱ። ሲስተሙ አንድ ቢሆንም አፕል ዲስክ ላይ የሚጽፍበት መንገድ የራሱ ብቻ ነው። ለዎርድስታር ደግሞ በአንድ መስመር 80 ፊደል የሚያሳይ ካርድ ስሎት 3 ላይ ቢኖራችሁ ይሻላል። በ40 ፊደል ደብዳቤ መጻፍ ዓይንም ትዕግስትም ይጨርሳል።

ወደ አፕሉ መመለስ ስትፈልጉ አጥፉት፣ ዶስ 3.3 የሚባለውን የአፕሉን የራሱን ሲስተም ዲስክ አስገቡ፣ አብሩ። ካርዱን መንቀል አያስፈልግም፤ የሚጠራው እስኪመጣ ዝም ብሎ ይቀመጣል።