ጎዳና ላይ ለሚሠሩ የደሴ ልጆች የንባብ ክፍል አከፋፈት፦ ጥሪ ለተሰማው ክርስቲያን መምህር

በሰኞ ገበያ፣ በመናኸሪያውና በፒያሳ ዙሪያ ጫማ የሚጠርጉ፣ ሶፍትና ማስቲካ የሚያዞሩ፣ ዕቃ የሚሸከሙ ልጆች አሉ። ከእነዚህ መካከል በመዝገብ አራተኛ ወይም አምስተኛ ክፍል የደረሰ፣ አጭር አንቀጽ ሲሰጡት ግን የሚያቅተው ልጅ ማግኘት አይከብድም። ይህ ጽሑፍ እነዚህን ልጆች ማገልገል የእግዚአብሔር አደራ ነው ብሎ ለሚያምን መምህር ነው። ከልብስም ከስብከትም በፊት ለእነሱ የሚገባው ንባብ ነው ብለን እናምናለን። ንባብ ደግሞ የአንድ ሰሞን ዘመቻ ሥራ አይደለም።

ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 3 መግቢያ ላይ ብዙዎች አስተማሪ እንዳይሆኑ የሚያስጠነቅቀው በአስተማሪ ላይ የሚከብድ ፍርድ ስላለ ነው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁን ወይም የምእመናን ሽማግሌዎችን አማክሩ፤ የትዳር ጓደኛችሁም ይስማማ። ከጥቅምት እስከ ሰኔ በሳምንት ሦስት ከሰዓት በኋላ መስጠት ካልቻላችሁ ዘንድሮ አትክፈቱ፤ ሌላ የከፈተውን አግዙ። ብዙ ሰው የጣለው ልጅ ሌላ የሚጥለው ሰው ሲጨመርበት ጉዳቱ ክፍሉ ጭራሽ ባይከፈት ከሚደርስበት ይብሳል። መስከረም ምዝገባና በዓል ስለሚበዛበት ለመጀመሪያ አይመችም፤ ወሩን ልጆቹን ለማወቅ ተጠቀሙበት።

ቦታ፣ ፈቃድና እምነት

ወሎ ውስጥ ከአንድ ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም ይወጣል፤ ክፍላችሁም እንደዚያ መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በነፃ ቢገኝም የመጀመሪያ ምርጫችሁ አይሁን። የሚሻለው በፈረቃ የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት ትርፍ ክፍል ነው። ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ፣ ቀበሌውንና የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተለውን መሥሪያ ቤት በደብዳቤ አሳውቁ። ገንዘብ የሚሰበሰብ ከሆነ በቤተ ክርስቲያናችሁ በኩል፣ በደረሰኝ ይሁን፤ በግል የባንክ ሒሳብ ፈጽሞ አይሁን።

ልጁን ከማነጋገራችሁ በፊት እናቱን ወይም አሳዳጊውን አግኙ። ሁለት ነገር በግልጽ ንገሩ፦ እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ የማስተምረው ግን ፊደልና ሒሳብ ነው፤ የልጅሽን ሃይማኖት አልነካም። ይህን ሳትናገሩ ብትጀምሩ በሁለተኛው ሳምንት ወሬ ይነሣል፣ ልጆቹም ይቀራሉ። «በማንኛውም ቀን ገብተሽ ከኋላ መቀመጥ ትችያለሽ» በሏት፤ ስትመጣም ወንበር ይኑራት። የምትጸልዩት ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው። የተራበን ሕፃን በዳቦ ወደ እምነት መጎተት ልጁንም ወንጌሉንም መበደል ነው።

ቁጥርና ሰዓት

በ12 ልጆች ጀምሩ። ወሬው ሲሰማ በሳምንት ውስጥ 40 ልጅ በር ላይ ይቆማል፤ ያኔ ሁሉንም ማስገባት ደግነት ይመስላል። 40 ልጅ ይዞ ግን የእያንዳንዱን ንባብ መስማት አይቻልም፤ ንባብ ያልተሰማለት ልጅ ደግሞ አይሻሻልም። ስማቸውን መዝግቡ፣ ሁለተኛ መምህር ሲገኝ ሁለተኛ ቡድን ክፈቱ።

ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ተሸካሚው ልጅ አይመጣም፤ በዚያ ቀን ክፍል መክፈት እንጀራውን መሻማት ነው። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ የጁምዓ ሰላት አለ። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ከ8 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል ለጠዋት ፈረቃ ተማሪና ለሊስትሮ ይመቻል። የከሰዓት ፈረቃ ልጆች ካሉ ከሦስቱ ቀን አንዱን ወደ ቅዳሜ ጠዋት አዛውሩ። ከገጠር መጥተው በሰው ቤት ለሚሠሩ ሴት ልጆች አሠሪዋን ራሷን ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ ሰዓቱን አሠሪዋ ስትመርጥ ቃሏን የመጠበቋ ዕድል ይጨምራል። ማንም ልጅ ከ11 ሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ አይቆይ። ታናሽ ወንድሙን አዝሎ የሚመጣ ልጅ አትመልሱ፤ ጥግ ላይ ምንጣፍ አንጥፉለት። ኮምቦልቻ ላይ ወላጆች በፋብሪካ ፈረቃ ስለሚሠሩ ይህ ይበዛል።

መጀመሪያ መፈተን

እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው፣ ሌሎቹ በማይሰሙበት ግን በሚያዩት ቦታ፣ አምስት ደቂቃ ፈትኑት። ወረቀቱ ላይ ተራቸው የተዘበራረቀ 20 ፊደላት፣ 10 ቃላትና 40 ቃል ገደማ ያለው አንቀጽ ይኑር። በተከታታይ አምስት ሲስት በምስጋና አቁሙት። ክፍሉን አትጠይቁ፤ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ መሆኑን ተናግሮ ፊደል ሲያቅተው ማፈሩ ነገ እንዳይመለስ ያደርገዋል።

«ሀ ሁ ሂ» ብሎ እስከ ፐ መዝለቅ አያታልላችሁ። ብዙ ልጅ የሚያውቀው ዜማውን ነው። የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ይህን ስለሚያውቁ ከፊደል ገበታው ቀጥለው አቡጊዳን ያስቆጥራሉ፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ ተራው ስለሚዞር በዜማ ብቻ አይዘለቅም። እናንተም በየሳምንቱ ፊደሎቹን ከካርቶን በተቆረጠ ካርድ ላይ ጽፋችሁ እየበወዛችሁ ጠይቁ።

ንባብ ማስተማር

ሁሉንም ፊደል በአንድ ጊዜ አትዘርግፉ። በብዛት በሚያገለግሉት ጀምሩ፦ ለ፣ መ፣ ሰ፣ በ፣ ተ፣ ነ፣ አ፣ ደ። ሐና ኀ፣ ሠና ፀ ይቆዩ፤ ድምፃቸው ከሌሎቹ ጋር አንድ ስለሆነ ጀማሪውን ያደናግራሉ። ግዕዙ (እንደ «ለ») ሲለይ ካዕብ («ሉ»)፣ ሣልስ («ሊ») እና ኃምስን («ሌ») አስከትሉ። ካዕብ ከወገቡ በስተቀኝ፣ ሣልስ ከእግሩ በስተቀኝ ትንሽ ሰረዝ ይጨምራል፤ ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያደርጋል። ልጁ ሕጉን አንዴ ካየ ያላስተማራችሁትን «ኬ» ራሱ ያነባል፤ በዚያች ቀን ፊቱ ላይ የሚታየውን ደስታ አትለፉት፣ ለክፍሉ ሁሉ አንብብ በሉት። «ሩ»ና «ፉ» ከሕጉ ስለሚወጡ ለብቻቸው ይጠኑ። ቀጥሎ ራብዕ («ላ»)፣ በመጨረሻ ቅርጻቸው የሚለዋወጠው ሳብዕ («ሎ») እና ሳድስ («ል»)።

ልጅ የሚወድቀው ሳድስ ላይ ነው። «ልብስ» በሚለው ቃል «ል» አናባቢ አለው፣ «ብ» እና «ስ» የላቸውም፤ ልጁ ግን ሦስቱንም እኩል እየጎተተ ያነብና ቃሉ ይጠፋበታል። መድኃኒቱ መጀመሪያ ቃሉን በጆሮው ማሰማት፣ ከዚያ ፊደሉን በጣት እያስከተሉ አብሮ ማንበብ፣ ከዚያ ብቻውን ማስነበብ ነው። ሌላው መጥበቅና መላላት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ አለ፣ አልሄደም ማለት ነው። ጽሑፉ ልዩነቱን ስለማያሳይ ቃሉን ብቻውን ሳይሆን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ስጡት።

የሚነበበው ልጁ ከሚኖርበት ይምጣ፦ ዳቦ፣ ሻይ፣ የጦሳ ተራራ፣ የቦርከና ወንዝ። የመናኸሪያ ልጆች ሲጠሩ የሚውሉትን ሐይቅ፣ ወልዲያ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ በካርድ ጽፋችሁ ስጧቸው፤ በማግስቱ የታክሲ ታፔላ ላይ ይፈልጉታል። ሲሳሳት «አብሽር» በሉትና ቃሉን ድገሙለት። ዱላና ስድብ አይግባ፤ ሁለቱንም ጎዳና ላይ ይጠግባሉ።

ሁለቱን ሰዓት እንዲህ ከፋፍሉት፦ 15 ደቂቃ ምግብ፣ 40 ፊደልና ንባብ፣ 20 ጽሕፈት፣ 25 ሒሳብ፣ 20 ደግሞ እናንተ ጮክ ብላችሁ ታሪክ የምታነቡበት። ሒሳብ ላይ ሻጭ ልጆች የገንዘብ መልስ መስጠት ስለለመዱ ፈጣን ናቸው፤ የሚጎድላቸው በቃል ያሰሉትን በወረቀት መጻፍ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፃችሁ አይሰማም፤ ጽሕፈቱን ለዚያ ሰዓት አስቀሩት።

ዕቃው ጥቂት ነው። አንድ ኮምፔንሳቶ ለሁለት ተቆርጦ ጥቁር ሲቀባ ሁለት ሰሌዳ ይወጣዋል። ጠመኔ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተርና እርሳስ ጨምሩ። ደብተርና እርሳስ ክፍሉ ውስጥ ይደር፤ ቤት ከሄደ ይጠፋል፣ ይሸጣል ወይም ለታናሹ ይተላለፋል።

ምግብ

ምግቡን መጀመሪያ ላይ ስጡ፤ ባዶ ሆድ ፊደል አይዝም። ለ12 ልጅ 1 ኪሎ ጥሬ ስንዴና ባቄላ ቀላቅላችሁ ማታ ዘፍዝፉ። ደሴ ካላት ከፍታ የተነሣ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ያልተዘፈዘፈ ጥሬ ከሰል ይጨርሳል እንጂ አይበስልም። ንፍሮ፣ ዳቦና ሻይ የሁለቱንም ሃይማኖት ጾም አያውኩም፤ በረመዳን የሚጾመው ልጅ ድርሻውን ቋጥሮ ለአፍጥር ይውሰድ። ሥጋ በጭራሽ አታምጡ። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ እንደሚለይ ልጆቹ ያውቃሉ፣ በአንድ ድስት ክፍላችሁን ለሁለት ትከፍሉታላችሁ። ጥሬ ገንዘብም አትስጡ፤ የዩኒፎርምና የደብተር ዕርዳታ በነሐሴ መጨረሻ፣ ከእናትየው ጋር አብሮ በመግዛት ይሁን።

ጥንቃቄ

ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ ይኑር፣ አንዷ ሴት ትሁን፤ በሩ ይከፈት። ልጅ ለብቻው ወደ መምህር ቤት አይሂድ። ለለጋሽ ተብሎ ፊት የሚያሳይ ፎቶ አይነሣ፤ ነገ የክፍል ጓደኞቹ ያዩታል። ድብደባ ወይም የከፋ ጥቃት ምልክት ካያችሁ ልጁን በጥያቄ አታስጨንቁ፤ የተናገረውን በራሱ ቃል ጽፋችሁ በዚያው ቀን ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል አስረክቡ። በሽምግልና ለመሸፋፈን የሚመጣ ይኖራል፤ እሺ አትበሉ።

መቅረትና መመለስ

በኅዳርና ታኅሣሥ መኸር ሲሰበሰብ ገጠር ዘመድ ያላቸው ይጠፋሉ። ሲመለሱ «የት ነበርክ» ሳይሆን «እንኳን መጣህ» ይቅደም፤ ካርዱን በውዛችሁ የረሳውን ፈልጉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ድምፁ ከጠፋ ሁለት ሆናችሁ ቤቱ ሂዱ።

ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ማንበብ ሲጀምር ሥራችሁ ወደ መደበኛ ክፍል መመለስ ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ማስረጃቸው የጠፋባቸውና ከሌላ ቦታ ተፈናቅለው የመጡ ልጆች አሉ፤ ርዕሰ መምህሩ በፈተና መድቦ እንዲቀበላቸው ከአሳዳጊው ጋር ሆናችሁ ጠይቁ፣ የንባብ መዝገባችሁንም አሳዩ። ከተመዘገበም በኋላ የመጀመሪያውን ወሰነ ትምህርት እስኪጨርስ ከክፍላችሁ አታስወጡት፤ ተመልሶ የሚያቋርጠው በብዛት በእነዚህ ወራት ነው። እናንተም የምትለቁ ከሆነ ተተኪው ቢያንስ ሦስት ሳምንት አብሯችሁ ያስተምር፣ ቤት ለቤትም አስተዋውቁት፤ እናቶች የሚያምኑት የሚያውቁት ሰው ያመጣውን ነው።