ለሽንት ባትሪ የሚሆን የቀርከሃ ከሰል አሠራር

የሽንት ባትሪ ሲባል የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። ሽንት ውስጥ ያለውን ምግብ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ኤሌክትሮን ይለቃሉ፤ የሚቀበላቸው ካርቦን አጠገባቸው ካለ ኮረንቲ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 የእንግሊዝ ብሪስቶል ተመራማሪዎች ኡጋንዳ፣ ኪሶሮ ውስጥ የአንድ ሴቶች ትምህርት ቤት መጸዳጃን በዚህ መንገድ አብርተዋል።

ብዙ የጥናት ጽሑፎች ለዚህ ሥራ የካርቦን ጨርቅና ፕላቲኒየም ያዛሉ። እኔ ያለሁት እንጅባራ ነው፤ እዚህ ቀርከሃ ሞልቷል፣ ውስጡም ክፍት ስለሆነ ባክቴሪያው በሁለቱም ፊት ይሰፍርበታል።

ከገበያ የሚገዛ ከሰል ግን ለቡና ነው። በዝግታና በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚከስል ኮረንቲ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ከ800 ዲግሪ በላይ መቃጠል አለበት። የደረቀ ቀርከሃ ስንዝር ስንዝር እየቆረጣችሁ፣ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ወፍራም የብረት ቧንቧ ውስጥ ክተቱት። ሁለቱን ጫፍ ዝጉ፤ አንዱ ላይ ግን ምስማር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይኑር፣ አለዚያ ጋዙ ያፈነዳዋል። ቧንቧው ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተቀባ) ከሆነ ጭሱ መርዝ ነው፣ አትንኩት። ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ወስዳችሁ በወናፍ እያስነፋችሁ ቧንቧው ደማቅ ብርቱካን እስኪመስል አቆዩት። ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱ፤ አየር ካገኘ አመድ ይሆናል።

ከዚያ ከሰሉ ኮረንቲን ምን ያህል እንደሚገታ በመልቲሜትር (በኮረንቲ መለኪያ) ለኩ። ሁለቱ ጫፎች መካከል ጥቂት ኦም ካሳየ ደግ፤ ሺዎች ካሳየ ወደ ምድጃው ይመለስ። ጥሩው ከሰል ሲመታ እንደ ብርጭቆ ይጮኻል።

ለማገናኛ የማይዝግ ብረት ሽቦ ብቻ ተጠቀሙ። መዳብ ባክቴሪያውን ሊመርዝ ይችላል። ዚንክ የተቀባ ሽቦ ደግሞ ይባስ ያታልላል፤ ዚንኩ ራሱ እየተበላ ቮልት ስለሚሰጥ ሰው ሽንቱ ሠራ ብሎ ይደሰታል።

ሸክላ ሠሪዋ ዘንድ ሄዳችሁ አፈ ሰፊ ትንሽ ማሰሮ ግዙ፤ ያልተሟሸ፣ ቅባት ያልነካው ይሁን። እርጥበቱን እንደ ላብ የሚያሳልፈው እንዲህ ያለው ነው። ማሰሮውን ባልዲ ውስጥ አቁሙት፤ አፉ ከሽንቱ በላይ ይሁን። የቀርከሃውን ከሰል በማሰሮው ዙሪያ በሽቦ እሰሩ፤ ይሄ አኖዱ (ከባክቴሪያው ኤሌክትሮን የሚቀበለው) ነው፣ ሽንት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይስጠም። ማሰሮው ውስጥ ያንኑ ከሰል ፈጭታችሁ፣ በውሃ አርሳችሁ፣ ሽቦ ቀብራችሁበት ሙሉት፤ እሱ ካቶድ (ኤሌክትሮኑን ለአየር የሚያስረክበው) ነው፣ አየር ይፈልጋል። የባልዲውን አፍ በማሰሮው ዙሪያ ሸፍኑ፤ የማሰሮው አፍ ግን ክፍት ይሁን።

ለባክቴሪያው ዘር የሚሆን አንድ ጭልፋ ጭቃ ከሽንት ቤት ጉድጓድ፣ በጓንት፣ ባልዲው ሽንት ውስጥ ጨምሩ። በሁለቱ ሽቦዎች መካከል የ1000 ኦም ሬዚስተር (ኮረንቲ የሚገታ ትንሽ ዕቃ) አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት ታገሱ። 0.4 ቮልት ከደረሰ 0.16 ሚሊዋት ነው፤ አምፖል አያበራም። ለአንዲት ትንሽ ኤልኢዲ እንኳ ብዙ ባልዲ በተከታታይ መቀጠል ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱም የራሱ ሽንት ይኑረው፣ ከተጋሩ ቮልቱ አይደመርም።

ከሰሉ ነጭ ቅርፊት ሲያወጣ በቀጭን አቼቶ እጠቡት። ያገለገለውን ሽንት እኔ በአሥር እጥፍ ውሃ አቅጥኜ ለጌሾ ሥር እሰጠዋለሁ፤ ጎመን ላይ ግን አላፈስም፣ የጉድጓድ ጭቃ አለበት።