ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከማተማችሁ በፊት ቀለሙን ፈትኑት

አዲስ የፕሪንተር ቀለም ገዝታችሁ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ልታትሙ ነው? በሰው ፊት አትጀምሩ። ፊት ያታልላል። ከድፍን ጥቁር እስከ ነጭ በ21 እርከን የተከፋፈለ የግራጫ መስመር ሠርታችሁ እሱን አትሙ።

ወረቀቱን መጀመሪያ መስኮት ዳር፣ ቀጥሎ አምፖል ስር እዩት። ግራጫው አንዱ ጋ ወደ አረንጓዴ፣ ሌላው ጋ ወደ ሮዝ ካደላ፣ ብዙውን ጊዜ ፕሪንተሩ ግራጫውን የሚሠራው ባለቀለሞቹን እየቀላቀለ ስለሆነ ነው። ጥቁርና ነጭ የሚያዘወትሩ ሰዎች ከጥቁሩ ሌላ አንድ ሁለት ግራጫ ቀለም ያለው ፕሪንተር የሚመርጡት ለዚህ ነው። እኔ አንዴ የአያቴን ፎቶ ማታ አትሜ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ሳየው ነጠላዋ አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ!

ከዚያ ወደ ጨለማው ጫፍ ሂዱ። የመጨረሻዎቹ ሦስት አራት እርከኖች ተለያይተው ካልታዩ፣ የፀጉርና የጥቁር ልብስ ዝርዝር ይዋጣል። ቀለሙን ከመውቀሳችሁ በፊት ግን ሴቲንጉ ላይ የመረጣችሁትን የወረቀት ዓይነት አረጋግጡ። ብዙ የፒግመንት (ፈሳሹ ውስጥ ሳይሟሙ የተበተኑ ደቃቅ ብናኞች ያሉት ቀለም) ፕሪንተሮች ለማት (ለማያብረቀርቅ) ወረቀት አንድ ጥቁር፣ ለሚያብረቀርቀው ሌላ ጥቁር አላቸው። ፍርዱንም ለነገ አቆዩት፤ ህትመቱ ሲደርቅ መልኩ ትንሽ ይለወጣል።

መደብዘዙን ለማየት ደግሞ ግማሹን በካርቶን ሸፍናችሁ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ለጥፉት። በየሳምንቱ ካርቶኑን ገለጥ እያደረጋችሁ ሁለቱን ጎን አስተያዩ። ዳይ ቀለም (ፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ዓይነት) በአብዛኛው ከፒግመንት ቀድሞ እጅ ይሰጣል።