ዲስቶፒያ ከወሎ ሲነበብ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዲስቶፒያ የሚባለው ልቦለድ ሥርዓቱ የከፋ፣ ሰው መተንፈሻ ያጣበት ዓለም ፈጥሮ ከባድ ጥያቄ ያነሳል። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሳይ ደስ ይለኛል። ብዙ ሰው ግን ጥያቄውን ሳያገኘው መጽሐፉን ይመልሳል። የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እንውሰድ።

አንደኛው ስህተት እንደ ትንቢት ማንበብ ነው። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። አንባቢው «ይሄ ደርሷል፣ ያ አልደረሰም» እያለ ይቆጥራል። ደራሲው ግን ጠንቋይ አይደለም። በዘመኑ ያየውን፣ በተለይ የስታሊንን ሶቪየት ኅብረት፣ አጉልቶ «በዚሁ ከቀጠለስ?» ነው ያለው።

ሁለተኛው «ይሄማ ደርግ ነው» ብሎ ቶሎ መዝጋት ነው። ለወሎ ሰው ይሄ በጣም ቅርብ ነው፤ ምክንያትም አለው። መስከረም 1977 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. 1984 ነው። ያኔ አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በድግስ ስታከብር፣ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም ሰው በረሃብ እየረገፈ ነበር። በበዓሉ ሰሞን የረሃቡ ወሬ አይፈለግም ነበር። ስለዚህ የልቦለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ዊንስተን ለገዢው ፓርቲ የድሮ ጋዜጣ እያረመ የሆነውን እንዳልሆነ ሲያደርግ፣ 77 ትዝ ቢለን አይገርምም። እዚያ ላይ ግን አንቁም። የኛ ሰው ራዲዮው ምንም ቢል ያየውን ያውቃል፤ የቀበረውን ያውቃል። ልቦለዱ ከዚህ አልፎ ይሄዳል፦ ያየው ሰው ራሱ ማየቱን እንዲጠራጠር ቢደረግስ? ወረቀቱ ሁሉ ተቀይሮ፣ የሚያስታውስም ጠፍቶ፣ እውነቱ የት ነው ያለው? ቡና ላይ ያንን ዘመን ያዩ እናቶች ካሉ ጥያቄውን አንሱላቸው። መጽሐፉን ባያውቁትም ብዙ የሚሉት ይኖራቸዋል።

ሦስተኛው የክፉውን ሰው ክርክር መዝለል ነው። የፓርቲው ሰው ኦብራየን ዊንስተንን እያሠቃየ አራት ጣት አሳይቶ፣ ፓርቲው አምስት ነው ካለስ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። ብዙ አንባቢ ሥቃዩ ላይ ያተኩርና ክርክሩን ያልፈዋል። ሰውዬው የሚለው እውነት ከሰው አእምሮ ውጭ የለም ነው። በምን ትመልሱለታላችሁ? «እብድ ነው» ማለት መልስ አይሆንም። እስክሪብቶ ይዛችሁ ተሟገቱት። የመጽሐፉ ልብ እዚህ ነው።

ጭቆና ሲባል ጅራፍ ብቻ መፈለግም ስህተት ነው። በአልደስ ሃክስሊ የ1932 (እ.ኤ.አ.) ልቦለድ፣ «ብሬቭ ኒው ዎርልድ» ውስጥ ሰዉ ደስተኛ ነው። ሲከፋው ሶማ የሚባል መድኃኒት ይወስዳል፣ በቃ። እዚያ ምን እንደጎደለ መናገር ይበልጥ ይከብዳል።

አባሪውንም አትተዉ። «1984» ካለቀ በኋላ ስለ ሥርዓቱ ቋንቋ የሚያስረዳ ጽሑፍ አለ። አሰልቺ ስለሚመስል ይታለፋል። የተጻፈው ግን በኃላፊ ጊዜ ነው፤ ሁሉም ካለፈ በኋላ አንድ ሰው ዞር ብሎ እንደጻፈው። ከዚህ ተነስተው ፓርቲው ወድቋል የሚሉ አንባቢዎች አሉ። እኔም ወደዚያ አደላለሁ። አንብቡትና ፍረዱ።