የፎርሙላ 3ን የውድድር ዘመን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው እንዴት መከታተል ይቻላል

ፎርሙላ ዋንን የሚወድ ሰው እሁድ በ10 ሰዓት ቴሌቪዥኑን ሲከፍት፣ በዚያው ትራክ ላይ ገና በጠዋቱ ሌላ ውድድር ተካሂዶ፣ ዋንጫው ተሰጥቶ፣ ቡድኖቹ ዕቃቸውን ሸክፈው እንደጨረሱ ብዙ ጊዜ አያውቅም። ያ የጠዋት ውድድር ፎርሙላ 3 ነው። አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች ከአሥራዎቹ ዕድሜ ያልወጡ ወይም ገና ሃያን የተሻገሩ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ዛሬ በፎርሙላ ዋን የምናያቸው ኦስካር ፒያስትሪና ገብሪኤል ቦርቶሌቶም በዚሁ በር አልፈዋል። ይህ ጽሑፍ አንድን የውድድር ዘመን እንዴት መከታተል እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ ይህ ሻምፒዮና ብዙ ጊዜ በማሸነፍ ከሚገኘው ይልቅ ባዶ እጅ የሚመለሱበትን ቀን በማሳነስ የሚገኘው ይበልጣል፤ ስለዚህ ተመልካቹም ከድሉ እኩል ባዶውን ቀን ሊቆጥር ይገባዋል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መሰላሉን ይወቁ

ወጣቱ በልጅነቱ ካርቲንግ የሚባለውን የትንንሽ መኪና ውድድር ይነዳል፤ 15 ዓመት ሲሞላው ፎርሙላ 4 መግባት ይችላል፤ ከዚያ ፎርሙላ ሪጅናል፣ ፎርሙላ 3፣ ፎርሙላ 2 ይከተላሉ። ወደ ፎርሙላ ዋን ለመግባት ሱፐር ላይሰንስ የሚባለው ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ የሚሰጠው በሦስት የውድድር ዘመናት ውስጥ 40 ነጥብ ላጠራቀመ ሲሆን፣ መደበኛው ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። የፎርሙላ 3 ሻምፒዮን ከዚህ ውስጥ 30ውን ያገኛል፤ ሁለተኛው 25፣ ሦስተኛው 20። በፎርሙላ 2 ግን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት እያንዳንዳቸው ሙሉውን 40 ይወስዳሉ። ይህን ልብ ያለ ሰው፣ በመጨረሻው ውድድር አምስተኛና ስድስተኛ የሆኑት ልጆች ለዋንጫ ተስፋ ሳይኖራቸው ለምን እንደዚያ እንደሚተናነቁ ይገባዋል።

ቀጥሎ መኪናውንና ቡድኑን ለይተው ይመልከቱ

ሻምፒዮናው አሁን ባለው መልኩ የተጀመረው በ2019 ጂፒ3 የተባለውና የአውሮፓ ፎርሙላ 3 ሻምፒዮና ሲዋሐዱ ነው። መኪናው ለሁሉም አንድ ነው፤ አካሉን ዳላራ፣ 3.4 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደሩን ሞተር ሜካክሮም፣ ጎማውን ፒሬሊ ያቀርባሉ። ሠላሳ መኪኖች በአሥር ቡድን ተከፍለው፣ ለእያንዳንዱ ቡድን ሦስት ሦስት ይደርሰዋል።

መኪናው አንድ ስለሆነ ውድድሩ የሹፌሮች ብቻ ነው የሚል ሰው ያጋጥምዎታል። የሻምፒዮኖቹ ዝርዝር ግን ሌላ ይናገራል። በ2019 ሮበርት ሽዋርትዝማን፣ በ2020 ኦስካር ፒያስትሪ፣ በ2021 ዴኒስ ሃውገር ሲያሸንፉ ሦስቱም ፕሬማ የተባለው ቡድን ልጆች ነበሩ። በ2022 ቪክቶር ማርቲንስ ለአርት፣ ከዚያ በ2023 ቦርቶሌቶ፣ በ2024 ሌዮናርዶ ፎርናሮሊ፣ በ2025 ራፋኤል ካማራ ሦስቱም ለትራይደንት ነድተው አሸነፉ። ሰባት ዋንጫ፣ ሦስት ቡድን! ቡድኑ የጎማውን ግፊት፣ የክንፉን ማዕዘን፣ የሱስታውን ጥንካሬ የሚያስተካክልበት እውቀት ያላቸውና የሌላቸው ይለያያሉ ማለት ነው።

ስለዚህ አንድን ወጣት ለመመዘን ከመሪው ጋር ማነጻጸር አይበቃም፤ በመጀመሪያ መነጻጸር ያለበት ከሁለቱ የቡድን ጓደኞቹ ጋር ነው። በ2020 የፕሬማ ሦስት ልጆች በአጠቃላይ ውጤት አንደኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ሆነው ጨረሱ። በዚያ ዓመት በፕሬማ መኪና አምስተኛ መውጣት ብዙ የሚያስመሰግን አልነበረም፤ በደካማ ቡድን አሥራ አራተኛ የወጣ፣ ሁለቱ ጓደኞቹ ግን ከሃያ በታች የቀሩበት ልጅ ደግሞ ስሙ ሊመዘገብ የሚገባው ነው።

ሰዓቱን ወደ እኛ ይመልሱ

ይህ ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን በመጀመሪያው ዓመት የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። መርሐ ግብሩ ላይ «እሁድ 8:30» የሚል አነበብኩና፣ ከምሳ በኋላ ቡና አስፈልቼ በእኛው 8 ሰዓት ተኩል ቁጭ አልኩ፤ ውድድሩ ከተጀመረ አምስት ሰዓት አልፎት ነበር። የእሁዱ ዋና ውድድር በአውሮፓ አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ ላይ ይካሄዳል። በበጋቸው ጣሊያን፣ ስፔን፣ ቤልጅየምና ሀንጋሪ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት፣ እንግሊዝ ደግሞ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀሩ፣ የጣሊያኑ 8:30 ለእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። አውስትራሊያ ላይ ይገለበጣል። ሜልቦርን በመጋቢት ከእኛ በስምንት ሰዓት ስለምትቀድም፣ እሁድ ጠዋት እዚያ 9:00 ሲል እዚህ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። የዘመኑን መርሐ ግብር በሙሉ አንድ ጊዜ ተቀምጠው በኢትዮጵያ ሰዓት ቀይረው በወረቀት ይጻፉ።

አርብን አያሳልፉ

ብዙ ሰው የሚዘለው፣ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የምጠብቀው የአርቡን የመነሻ ቦታ ማጣሪያ ነው። ጠቅላላ 30 ደቂቃ ነው። ሠላሳ መኪኖች በአንድ ትራክ ላይ ሲወጡ ንጹሕ መንገድ ማግኘት ራሱን የቻለ ጥበብ ይሆናል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መኪናው ከመጠገኛው ወጥቶ በመጀመሪያው ዙር ጎማውን ያሞቃል፤ መሪውን ግራና ቀኝ እየወዘወዘ፣ ፍሬኑን እየረገጠ ሙቀት ይሰበስባል። ጎማው ትክክለኛው ሙቀት ላይ የሚቆየው ለአንድ ወይም ለሁለት ፈጣን ዙር ብቻ ነው። ከዚያ ገብቶ አዲስ ጎማ ቀይሮ፣ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ ዳግም ይወጣል። አብዛኛው ሰው ምርጥ ሰዓቱን የሚያስመዘግበው በዚህ በሁለተኛው መውጫ ስለሆነ፣ ሦስት ደቂቃ ሲቀር አንድ መኪና ግድግዳ ገጭቶ ማጣሪያውን የሚያስቆመው ቀይ ባንዲራ ቢውለበለብ የደርዘን ልጆች ቅዳሜና እሁድ አብሮ ይበላሻል። በጣሊያኑ ሞንዛ ትራክ ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ በረጅሙ ቀጥታ መንገድ ከፊት ያለ መኪና ነፋሱን ስለሚሰብርለት ማንም ቀድሞ መውጣት አይፈልግም። በ2019 ሁሉም አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ መንገዱን እንደ ታክሲ ተራ አስመሰሉት፤ ብዙዎቹም ያለ ምክንያት በዝግታ በመንዳት ተቀጡ። ሞናኮ ላይ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መኪኖቹ በሁለት ምድብ ተከፍለው ይወጣሉ።

ማጣሪያውን በሰዓት ሰንጠረዡ መከታተል ከምስሉ በላይ ያስተምራል። ትራኩ በሦስት ክፍል ይለካል፤ ሐምራዊ ቀለም ከሁሉም ፈጣኑን፣ አረንጓዴ የሹፌሩን የራሱን ምርጥ፣ ቢጫ ያልተሻሻለ ሰዓትን ያሳያል። አንድ ልጅ በመጀመሪያው ክፍል ሐምራዊ፣ በሁለተኛው አረንጓዴ አሳይቶ በሦስተኛው ቢጫ ከሆነ፣ ወይ ጎማው አልቆበታል ወይ ከፊቱ መኪና ገብቶበታል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የቡድን ጓደኞቹን ሦስተኛ ክፍል ይመልከቱ፤ የሁሉም ቢጫ ከሆነ ጥፋቱ የጎማው ነው።

የቅዳሜውን የተገለበጠ አሰላለፍ ይረዱ

የቅዳሜው ውድድር ስፕሪንት ይባላል። በማጣሪያው ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ የወጡት ተገልብጠው ይሰለፋሉ፤ አሥራ ሁለተኛው ከፊት ይነሳል፣ አንደኛው አሥራ ሁለተኛ ቦታ ላይ ይቆማል። ከአሥራ ሦስተኛ ጀምሮ ያሉት ባሉበት ይቀራሉ። ነጥቡ ለአሸናፊው 10 ሆኖ እስከ አሥረኛው በአንድ በአንድ እየቀነሰ ይወርዳል። እሁድ ግን ሁሉም እንደ ማጣሪያው ውጤት ይሰለፋል፤ ነጥቡም 25፣ 18፣ 15፣ 12፣ 10፣ 8፣ 6፣ 4፣ 2፣ 1 ነው። በማጣሪያው አንደኛ ለወጣ 2 ነጥብ ይጨመራል፤ በየውድድሩ ከአሥሩ ውስጥ ሆኖ ፈጣኑን ዙር ለነዳ 1 ነጥብ።

አሁን በወረቀት ያስሉት። አንደኛ የወጣው ልጅ ቅዳሜ ከአሥራ ሁለተኛ ተነስቶ ዘጠነኛ ቢጨርስ 2፣ እሁድ ቢያሸንፍ 25፣ ከማጣሪያው 2፤ ድምሩ 29 ነው። አሥራ ሁለተኛ የወጣው ቅዳሜ ከፊት ተነስቶ ቢያሸንፍ 10፣ እሁድ አሥረኛ ቢሆን 1፤ ድምሩ 11። አሥራ ሦስተኛው ግን በሁለቱም ቀን ከአሥራ ሦስተኛ ቦታ ይነሳል፤ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚመለሰውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በአሥራ ሁለተኛውና በአሥራ ሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። አርብ ቀን ካሜራው መሪዎቹን ሲያሳይ ዓይንዎን ከዚህ መስመር ላይ አያንሱ።

እሁድ ጎማውን ይመልከቱ

በፎርሙላ 3 ገብቶ ጎማ የመቀየር ግዴታ ስለሌለ፣ በተነሱበት ጎማ መጨረስ የተለመደ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የሚጣደፍ ልጅ በመጨረሻዎቹ አምስት ዙሮች ይቀጣል። ከፊት ካለው መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ የደረሰ ሹፌር በተፈቀደለት ቀጥታ መንገድ የኋላ ክንፉን ከፍቶ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ስምንት መኪና ተከታትሎ ሲሄድ ከመሪው በቀር ሁሉም ክንፉን ስለሚከፍት ማንም ማንን አያልፍም። በዚህ ሰልፍ መካከል ሆኖ ጎማውን እየቆጠበ የሚጠብቀውን ልጅ ይፈልጉ፤ ጎማ ያለው ሰው ከተራ መውጣቱ አይቀርም።

ውድድሩ እንዳለቀ ውጤቱን በቀለም አይጻፉ፤ በእርሳስ ይጻፉ። ዳኞቹ ከሰዓታት በኋላም ቅጣት ይጥላሉ፤ አምስት ሰከንድ የተጨመረበት ልጅ፣ መኪኖቹ ተጠጋግተው በሚጨርሱበት በዚህ ውድድር ከሦስተኛ ወደ አሥራ አምስተኛ ሊወርድ ይችላል።

ደብተርዎን እንዲህ ያስምሩ

ለእያንዳንዱ ሹፌር አንድ መስመር ይስጡና አራት ነገር ብቻ ይመዝግቡ፤ የማጣሪያ ቦታው፣ ከሦስቱ የቡድን ልጆች ስንተኛ እንደሆነ፣ የሁለቱ ቀናት ነጥብ ድምር፣ እና ምንም ነጥብ ካላገኘ የባዶው ምክንያት። ምክንያቱን «ራሱ አጠፋ»፣ «ሌላ ገጨው»፣ «መኪናው ተበላሸ» ብሎ መለየት የግድ ነው። ይህ ዓምድ ከዘመኑ አጋማሽ በኋላ ወርቅ ይሆናል።

ለምን እንደሆነ ሁለት ሻምፒዮኖች ያሳዩናል። ፎርናሮሊ በ2024 አንድም ውድድር ሳያሸንፍ ዋንጫውን ወሰደ። ፒያስትሪ በ2020 በማጣሪያ አንድ ጊዜ እንኳን አንደኛ ሳይወጣ፣ ሁለት ውድድር ብቻ አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። በርግጥ ካማራን የመሰለም አለ፤ በ2025 ሀንጋሪ ላይ የእሁዱን ውድድር አሸንፎ፣ የዘመኑ መዝጊያ የነበረው ሞንዛ ገና ሳይደርስ ጉዳዩን ዘግቶታል። እንዲህ ያለው ዘመን ለአሸናፊው ደስ ቢልም ለተመልካች ጨው የለውም።

በመጨረሻው ቀን ሂሳቡን አስቀድመው ይሥሩ

የመጨረሻው ውድድር ከመጀመሩ በፊት ለዋንጫ የቀሩትን ልጆች ነጥብ አጠገብ ለአጠገብ ጽፈው፣ አንዱ ስንተኛ ሲሆን ሌላው ስንተኛ መሆን እንዳለበት ያስሉ። በ2020 በጣሊያኑ ሙጄሎ ትራክ ላይ ፒያስትሪና የቡድን ጓደኛው ሎጋን ሳርጀንት በእኩል 160 ነጥብ ለመጨረሻው ውድድር ተሰለፉ። ሳርጀንት በመጀመሪያው ዙር ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ወጣ። ሁሉም ያለቀ መሰለው፤ ሒሳቡን በእጁ የያዘ ሰው ግን ቴዎ ፑርሼር በነጥብ ከኋላ እየመጣ መሆኑን ያውቅ ነበር። ፑርሼር ሦስተኛ ሆኖ 161 ደረሰ፤ ፒያስትሪ ሰባተኛ ሆኖ በጊዜው የነጥብ አሰጣጥ 4 ነጥብ ጨምሮ በ164 ጨረሰ። በቴሌቪዥኑ የታየው የመሪዎቹ ትግል ነበር፤ ዋንጫው የነበረው ግን ሰባተኛ ቦታ ላይ ነው።

ዘመኑ ካለቀ በኋላ ቡድኖቹ ለቀጣዩ ዓመት ልጆች እየቀያየሩ ልምምድ ይወጣሉ። የልምምዱ ሰዓት ምን ያህል ነዳጅ እንደተጫነ ስለማይናገር ብዙ አይመኑት። ከዚያ ይልቅ የትኛው ልጅ በየትኛው ቡድን መኪና ውስጥ እንደተቀመጠ ይመዝግቡና፣ በደብተርዎ «ሌላ ገጨው» የሚለው ከበዛባቸው መካከል ወደ ጠንካራ ቡድን የተዛወረ ካለ ስሙን ያስምሩበት። በመጋቢት፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሜልቦርን ሲጀመር መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነው።