ኮች እና ቴራፒስት አንድ አይደሉም፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ዓመት ክረምት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ይፈጥ ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ የታወቀ ነው፤ ጋቢ ደርቤ ተቀምጬ ጎህ እስኪቀድ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እሰማለሁ። ምግብ ይዘጋኛል፤ ክፍል ገብቼ ሳስተምር የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ይጠፋኛል። በስልክ የማገኘው የአእምሮ ጤና ኮች፣ ማለትም ግብ የሚያስይዝ አማካሪ፣ ይህን ሁሉ ሰምቶ የሰጠኝ የቤት ሥራ፣ «ከነገ ጀምሮ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሺና ሩጪ፤ ሦስት ግብም ጻፊ» የሚል ነበር። እኔ ግን ከ9 ሰዓት ጀምሮ ነቅቻለሁ! ደብተሩ ዛሬም አለ፤ አምስት ገጽ ተጽፎበታል፣ ስድስተኛው ላይ ቀኑ ብቻ ሰፍሯል።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። እኔ የማይሆን በር አንኳኳሁ፣ እሱም «እዚህ አይደለም» አላለኝም።

ዋናው ስህተት ሁለቱን አንድ ማድረግ ነው። የኮች ሥራ ጤናው ከሞላ ጎደል የተስተካከለ ሰው ወዳሰበበት እንዲደርስ ማገዝ ነው፦ ልማድ ማስያዝ፣ ዕቅድ ማውጣት፣ ቃልን ማስጠበቅ። በሽታ አይመረምርም፣ መድኃኒት አያዝም። የሥነ ልቦና ሐኪሙ ወይም ቴራፒስቱ ግን ሕመሙን ለይቶ ያክማል፤ ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) ከሆነም መድኃኒት ያዝዛል። መንዝ ውስጥ የሚያነክስ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ አላየሁም። መጀመሪያ እግሩ ይታያል፤ እሾህ ከሆነ ይነቀላል። ጅራፍ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ማነከስ በምን ይታወቃል? ድብርትን በተመለከተ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ፦ ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን፣ የሐዘን ስሜት ወይም ቀድሞ ደስ ይል ለነበረ ነገር ፍላጎት ማጣት፤ በዚያ ላይ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት፣ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን ከንቱ አድርጎ ማየት። ሰው እንዲህ ሆኖ እያለ «ስንፍና ነው» ብሎ ግብ መደርደር ሁለት ጊዜ ያደክማል፤ ግቡ ሲቀር ደግሞ በሕመሙ ላይ ጥፋተኝነት ይጨመራል። የእኔም ስድስተኛ ገጽ እንዲህ ነው የቀረው። ስለ ሞት ማሰብ ከተጨመረበት ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን፣ ሰው አስከትሎ፣ ወደ ጤና ተቋም ነው።

አጣዬና ሸዋ ሮቢት በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ያዩትን ያዩ ሰዎች አብረውን ይኖራሉ። የተኩስ ድምፅ በሕልሙ የሚመላለስበትን ሰው «ያለፈውን ተወውና ወደፊት ተመልከት» ማለት ምክር መስሎ ይታየን ይሆናል፤ ያለፈው ግን እሱን አልተወውም። ይህ የሠለጠነ ሐኪም እጅ የሚፈልግ ነው።

በምስክር ወረቀት መደለልም ሌላው ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን አባላቱን በራሱ መስፈርት ይመዝናል፤ ይህ ግን የማኅበር እውቅና እንጂ የሕክምና ፈቃድ አይደለም። ኮች ለመባል በአብዛኛው ዓለም የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም፤ ትናንት ሱቅ የዘጋ ሰው ዛሬ ኮች ነኝ ሊል ይችላል። ስለዚህ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትቶ፣ «መቼ ነው ወደ ሐኪም የምትልከኝ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። «እኔ ሁሉንም እጨርሳለሁ» ካለ ደኅና ሁን ማለት ነው።

ሐኪም ቤትን መሸሽ ግን የብዙዎቻችን ነው። «አማኑኤል ገባ» የሚለው ወሬ ስንቱን አስቀርቷል! ደብረ ብርሃን ላይ በሆስፒታል ደረጃ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ተሰልፎ የሚጠብቀውም የባንክ ሠራተኛ፣ ገበሬ፣ ተማሪ ነው። እኔ የሄድኩ ቀን ከአጠገቤ የነበሩት አባት ጤፍ ተወደደ እያሉ ያማርሩ ነበር።

መድኃኒት የተጀመረ እንደሆነ በኮችም በጎረቤትም ቃል አይቋረጥም። የድብርት መድኃኒት ለውጡ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በድንገት ማቆምም የራሱ ጣጣ አለው። እናቴ ጻድቃኔ ማርያም ወስዳኝ ጠበል ተጠምቄያለሁ፤ ኪኒኑም ከቦርሳዬ አልወጣም። ለእሷም ለሐኪሜም ነግሬያቸዋለሁ፣ የተጣላኝ የለም።

ይህን ሁሉ ብዬ ኮችን መናቅ ደግሞ ሌላ ስህተት ይሆንብኛል። ከ7 ወር በኋላ፣ እንቅልፌ ከተመለሰ ወዲያ፣ ወደ ሌላ ኮች ሄድኩ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ፣ «እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ምግብስ? የሚያይሽ ሐኪም አለ?» የሚል ነበር። ግብ የሚለውን ቃል ያነሣችው በሦስተኛው ቀጠሮ ነው። የመጀመሪያ ግቤም 120 የፈተና ወረቀት አርሜ በቀኑ ማስረከብ ሆነ። አስረከብኩ፤ 2 ቀን ዘግይቼ።